ዲግሪ ይዞ ቅጥር ሲጠበቅ

በገበያ ቀን ማለዳ የወረዳ እንስሳት ክሊኒክ ደጅ ከእህል ተራ ባላነሰ ይጨናነቃል። ከሩቅ ቀበሌ ሌሊት የተነሳው አርሶ አደር በሬውን ይዞ፣ እናት ከሁለት ቀን ወዲህ ማመስኳት ያቆመች ላሟን እየነዳች፣ ታዳጊው ዓይኗ ያበጠ ፍየል እየጎተተ ተራ ይጠብቃሉ። በክሊኒኩ ያለው ባለሙያ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ነው። ከክራሹ ወደ መድኃኒት ክፍሉ፣ ከመድኃኒት ክፍሉ ወደ መዝገቡ ሲመላለስ ቀኑ ይመሻል። በዚያው ከተማ፣ አንዳንዴም በዚያው ሰፈር፣ ሐምሌ ላይ በእንስሳት ሕክምና ዶክተርነት የተመረቀ ወጣት ከወላጆቹ ቤት ተቀምጦ የሥራ ማስታወቂያ ይጠብቃል።

ኢትዮጵያ በእንስሳት ሀብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። በ2013 ዓ.ም. በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የናሙና ጥናት የአገሪቱ የዳልጋ ከብት ቁጥር ብቻ 70 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር። ስለዚህ የአዲሱ ተመራቂ ቅጥር የሚዘገየው የሚታከም እንስሳ ጠፍቶ አይደለም። ጉዳዩ የሥራ መደብና የበጀት ነው። ይህንን ደግሞ ተመራቂው ብቻውን ሊፈታው አይችልም። በእሱ እጅ ያለው ከምረቃ እስከ መጀመሪያ ሥራ ያለውን ጊዜ እንዴት እንደሚያሳልፈው መወሰን ነው። ጊዜው ለአንዱ ጥቂት ወራት፣ ለሌላው ከዓመት በላይ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ወራት የሚያዘው ልማድ፣ መልካምም ይሁን ክፉ፣ ሐኪሙን ለረጅም ዘመን ይከተለዋል።

ሥራ የፈታ እጅ

በአገራችን የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የትምህርት መስኩ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፍቷል። በክልላችን የጎንደርና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ሐኪሞችን እያስተማሩ ያስመርቃሉ። ተማሪው በቆይታው ከሰውነት አካላት ጥናት እስከ ቀዶ ሕክምና፣ ከጥገኛ ተባይ እስከ ኅብረተሰብ ጤና ይማራል። የመውጫ ፈተናውን አልፎም ይመረቃል።

በክፍል የተማረው በማስታወሻ ደብተር ሊቆይ ይችላል። የእጅ ሙያ ግን እንደ ማረሻ ነው፤ ካልሠራ ይዝጋል። ላም መፅነሷን በእጅ መርምሮ ማወቅ በአሥርና በሃያ ላም የሚለመድ አይደለም። የጥጃውን አቀማመጥ ለይቶ ምጥ የያዛትን ላም ማገላገል፣ ደም ሥር አግኝቶ ግሉኮስ መስጠት፣ ሆዱ የተነፋን በሬ ሳይደናገጡ ማስተንፈስ፣ ወይፈን መቀጥቀጥ፣ የማይታዘዝ በቅሎ አስይዞ መርፌ መውጋት ሁሉም ድግግሞሽ ይፈልጋሉ። ስድስት ወር እጁን አጣጥፎ የከረመ ተመራቂ በመጀመሪያው የሥራ ቀኑ ክራሹ ፊት ሲቆም እውቀቱ ቢኖርም እጁ ይከዳዋል። በሬውን ይዞ የመጣው አርሶ አደር ደግሞ ይህንን ወዲያው ያውቃል።

መጀመሪያ ወደ ቅርቡ ክሊኒክ

ለአብዛኛው ተመራቂ ርካሹና ጠቃሚው አማራጭ በሚኖርበት ወረዳ ክሊኒክ በበጎ ፈቃድ ማገልገል ነው። ዝም ብሎ ሄዶ ክራሽ ላይ መቆም ግን ተገቢ አይደለም። ጊዜያዊ ዲግሪውን አያይዞ ለወረዳው የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ልማት ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ማስገባት፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚገኝና በማን ኃላፊነት ሥር እንደሚሠራ በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል። ጋውን፣ ቦት ጫማ፣ ቴርሞሜትርና የልብ ምት ማዳመጫ የራስ ቢሆኑ ይመረጣል። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሳይኖር መድኃኒት አለመስጠት የስምምነቱ የመጀመሪያ መስመር መሆን አለበት።

በሥራው ላይ ትልቁ ፈተና ጥድፊያ ነው። ወረፋው ሲበዛ ባለቤቱ የሚናገረውን ሰምቶ ሳይመረምሩ መርፌ መስጠት ይለመዳል። ጀማሪው ከዚህ ልማድ መራቅ የሚችለው ገና ከመጀመሪያው ቀን ነው። ለእያንዳንዱ እንስሳ ጥቂት ደቂቃ ሰጥቶ ሙቀቱን መለካት፣ የልብ ምቱንና አተነፋፈሱን መቁጠር፣ የጨጓራውን እንቅስቃሴ ማዳመጥ፣ የዓይኑንና የድዱን ቀለም ማየት ሲደጋገም ልማድ ይሆናል። የጤነኛ ላም የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ የበግና የፍየል ከዚያ ትንሽ ከፍ፣ የፈረስ ደግሞ ዝቅ ይላል። ይህ በመጽሐፍ የተጻፈ ነው። ረጅም መንገድ በፀሐይ የተነዳ ጤነኛ በሬ ክሊኒክ ሲደርስ ሙቀቱ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ፣ ጥላ ሥር አርፎ እንደገና መለካት እንዳለበት ግን የሚታወቀው ሥራው ላይ ነው።

ሌላው ቀላል መሣሪያ የራስ መዝገብ ነው። ቀኑ፣ ቀበሌው፣ የእንስሳው ዓይነትና ዕድሜ፣ የታየው ምልክት፣ የተጠረጠረው በሽታ፣ የተሰጠው መድኃኒትና መጠኑ ይጻፋል። ቀጥሎ ብዙዎች የሚዘሉት አንድ ዓምድ አለ፤ ውጤቱ። ከሦስት ቀን በኋላ ለባለቤቱ ደውሎ ወይም በሚቀጥለው ገበያ አግኝቶ በሬው ዳነ ወይስ ሞተ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ውጤቱን የማይጠይቅ ሐኪም አንዱን ስህተት ለዓመታት ሊደግመው ይችላል። በዚህ ዓይነት የተያዘ የጥቂት ወራት መዝገብ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ከማንኛውም የምስክር ወረቀት ባላነሰ ይናገራል።

ወራቱ የራሳቸው ትምህርት አላቸው

ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚመረቀው በክረምት መግቢያ በመሆኑ የሚጠብቃቸው ወራት በሽታ የሚበረታባቸው ናቸው። ዝናቡ ሲጀምርና ሣሩ ሲለመልም አባ ጎርባና ጎረርሳ ይነሳሉ። አባ ጎርባ ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያሉትን፣ በተለይ በአካል የፋፉትን ነው። ታፋ ወይም ትከሻ ላይ የወጣው እብጠት በእጅ ሲጫኑት የሚሰጠውን የመንኮሻኮሽ ስሜት አንድ ጊዜ የዳሰሰ ሰው አይረሳውም።

በመስከረምና በጥቅምት ተናካሽ ዝንቦችና ትንኞች ሲበዙ የከብት ጉርብርብ በሽታ፣ በጋማ ከብት ላይ ደግሞ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ይታያሉ። ከኅዳር ወዲያ ውሃው እየሸሸ ከብቱ ረግረጉን ሲግጥ የጉበት ትል ተራውን ይወስዳል። እንደ ፎገራ ባሉ የጣና ዳርቻ ሜዳዎች በግና ከብት ከመንጋጋቸው ሥር አብጦ፣ ድዳቸው ነጥቶ፣ እየከሱ ይመጣሉ። እዚህ ላይ በክፍል የተማሩት የመድኃኒት ትምህርት ሥራ ላይ ይውላል። በገጠር በስፋት የሚታወቀው አልቤንዳዞል የጎለመሰውን የጉበት ትል እንጂ በጉበት ውስጥ ገና እያደገ ያለውን አይገድልም። አርሶ አደሩ መድኃኒት ሰጥቼ በጎቼ አለቁ ብሎ ሲያማርር ምክንያቱን ለይቶ የሚያስረዳ ባለሙያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከጥር በኋላ መኖ ይሳሳል። የጎበጠ በሬ፣ ላስቲክ በልታ የተነፋች ላም፣ ጉልበት አጥታ ከወደቀችበት መነሳት ያቃታት አህያ ይበዛሉ። በዚህ ወቅት ሐኪም መርፌን ብቻ ሳይሆን መኖንም ማወቅ እንዳለበት ይማራል።

ድንገት የሞተ እንስሳ ሲገኝ ግን በየትኛውም ወር ቢሆን ጥንቃቄው አንድ ነው። ከአፍንጫና ከፊንጢጣው የማይረጋ ደም የሚፈስ በድን አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል አይከፈትም፣ ሥጋው አይበላም፣ ቆዳው አይገፈፍም። የበሽታው ዘር አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሳይሞት ይቆያልና። ተመራቂው ለማወቅ ጓጉቶ ቢላ ቢያነሳ አንድ ቀበሌ ለአደጋ ይጋለጣል። ትክክለኛው መንገድ ለወረዳው ማሳወቅ፣ ከጆሮ ደም ሥር በጥንቃቄ የሚወሰደውን ናሙና ልምድ ላለው ባለሙያ መተው፣ አቃጥሎ ወይም በጥልቀት ቀብሮ ሲያስወግድ አብሮ ቆሞ መማር ነው።

በክትባት ዘመቻ

ወረዳዎች ክትባት ሲወጡ ሁልጊዜም የሰው ኃይል ያጥራቸዋል። አዲስ ተመራቂ በዘመቻ የሚማረው መርፌ መውጋትን ብቻ አይደለም። ክትባት ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ በበረዶ ሳጥን መጓዝ እንዳለበት፣ የተበጠበጠ ክትባት ፀሐይ ላይ ከቆየ ከውሃ እንደማይሻል፣ ቀበሌው ከሁለት ቀን በፊት ካልተነገረው ከብቱ ጫካ እንደሚውል እዚያ ይታያል። ከሽማግሌዎች ጋር ተነጋግሮ እንስሳቱን ማስወጣት፣ ባለፈው ዓመት ከብቴ ተከትቦ ጨነገፈብኝ ለሚል አርሶ አደር ሳይቆጡ መመለስም ሙያው ነው።

ክትባት ምን ሊያደርግ እንደሚችል የአገራችን ታሪክ ምስክር ነው። በ1880ዎቹ የገባው የከብት ደስታ በሽታ የእርሻ በሬውን ጨርሶ ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰውን ታላቅ ረሀብ አስከትሏል። ያው በሽታ በረጅም የክትባትና የአሰሳ ሥራ ተሸንፎ ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከበሽታው ነፃ መሆኗ በዓለም አቀፍ ደረጃ ታወቀ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። ዛሬ በግና ፍየልን የሚገድለውን የዚህኑ በሽታ ዘመድ እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ከዓለም ለማጥፋት ግብ ተይዟል። አሁን የሚመረቁት ወጣቶች የሚደርሱት በዚህ ሥራ ላይ ነው።

ቄራ፣ ላቦራቶሪና የወተት ላሞች

ክሊኒክ ውስጥ ሐኪም ከውጭ የሚታየውን ይዞ የውስጡን ይገምታል። ቄራ ውስጥ ግን የውስጡ በዓይን ይታያል። በማለዳ ከሥጋ መርማሪው ጎን የቆመ ተመራቂ በትል የጠነከረ ጉበት፣ ውሃ የቋጠረ የሳምባ እባጭ፣ በምላስና በልብ ጡንቻ ውስጥ የተቀመጠ የኮሶ ትል እጭ ያያል። ከእርድ በፊት ከብቱ ቆሞ ሳለ የታየውን ምልክት ከእርድ በኋላ ከሚገኘው ጋር ማነጻጸር ከቻለ ደግሞ ጥቂት ሳምንታት ብዙ ያስተምሩታል። በተለይ በእንቁጣጣሽ፣ በመስቀልና በገና ሰሞን እርዱ ስለሚበዛ ቄራዎች ተጨማሪ እጅ ይፈልጋሉ።

በባሕር ዳርና በኮምቦልቻ ያሉት የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪዎችም ሌላ በር ናቸው። እዚያ ለመለማመድ ቦታ ያላገኘ እንኳ ናሙና እንዴት እንደሚወሰድ፣ በምን እንደሚታሸግና ምን ተጽፎበት እንደሚላክ ጠይቆ ቢማር ይጠቅመዋል። ስምና ቀን ያልተጻፈበት፣ በሙቀት የተበላሸ ናሙና ላቦራቶሪ ቢደርስም መልስ አይገኝበትም።

በከተሞች ዙሪያ የወተት ላምና የዶሮ እርባታ እየተስፋፋ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋና ማርን ከግቦቹ አድርጓል። በእነዚህ እርባታዎች ተመራቂው የሚያገኘው ዕውቀት ከክሊኒኩ ይለያል። ከታመመችው አንዲት ላም ይልቅ ጤነኛ የሚመስሉትን ሃያ ላሞች ማየት ይማራል። ምልክት ሳይታይ ወተት የሚቀንሰውን የጡት በሽታ በቀላል የወተት ምርመራ መለየት፣ የአላቢዎችን እጅ ንጽሕና ማስተካከል፣ ላም በየ21 ቀኑ ገደማ ኮርማ እንደምትፈልግ እያስታወሰ መዝገብ መያዝ፣ ጠዋት የታየችውን ላም ማታ ላይ እንድትዳቀል ለአዳቃይ ቴክኒሺያኑ በጊዜ መጥራት ለባለቤቱ በብር የሚታይ ለውጥ ያመጣሉ። ከቅጥር ይልቅ የራሱን የግል አገልግሎት ለመክፈት ለሚያስብ ተመራቂም ደንበኛውን የሚያውቅበት ቦታ ነው።

ቦርሳው

ይህ ጊዜ አደጋም አለው። ተመራቂው ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ዶክተር ተብሎ ይጠራል። አጎቱ ላሜን እይልኝ ይለዋል፤ ጎረቤቱ ከዚያ ይቀጥላል። በሁለተኛው ሳምንት ከመድኃኒት መደብር የተገዛ ኦክሲቴትራሳይክሊንና ፔኒሲሊን በቦርሳ ይያዛል። ገንዘብም ይገኛል። ቤተሰቡ ለዓመታት ያስተማረውና ገቢ የሌለው ወጣት በዚህ ቢሳብ አይገርምም።

ሆኖም ይህ መንገድ ተመራቂው ሊያስወግደው የተማረው ችግር ራሱ ነው። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 የወጣው የእንስሳት መድኃኒት በየቦርሳው እንዳይዞር ጭምር ነው። የእንስሳው ክብደት ሳይገመት በግማሽ መጠን የተሰጠ መድኃኒት በሽታውን ሳይገድል መድኃኒቱን ያስለምደዋል። ዛሬ የተወጋች ላም ወተት ነገ ገበያ ከወጣ፣ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ የተጻፈው የመታገሻ ጊዜ ሳይጠበቅ የታረደ በሬ ሥጋ ከተሸጠ ቅሪቱ ሕፃናት ጽዋ ውስጥ ይገባል። ላሚቱ ብትሞት ደግሞ ፈቃድ የሌለው ሐኪም ስም ሥራ ሳይጀምር ያልቃል።

ለአጎትና ለጎረቤት እምቢ ማለት ከባድ ቢሆንም መካከለኛ መንገድ አለ። ሄዶ ማየት፣ ሙቀቱን ለክቶ ያገኘውን በወረቀት መጻፍ፣ እንስሳውን ከነወረቀቱ ወደ ክሊኒክ ይዞ መሄድና ከባለሙያው ጋር አብሮ ማከም ይቻላል። አርሶ አደሩ ይረዳል፣ ተመራቂው ይማራል፣ ክሊኒኩም ሕመሙ ከየት ቀበሌ እንደመጣ ያውቃል። በዚያው ጊዜ የሙያ ፈቃድ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ሁሉ ማሟላት ነው።

የራስን ጤና መጠበቅም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የቀረ እንግዴ ልጅን ወይም የጨነገፈ ጽንስን በባዶ እጅ መንካት ለውርጃ በሽታ ያጋልጣል፤ በሽታው ሰው ላይ ሲገባ ለወራት የሚመላለስ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያስከትላል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ እንስሳት ሐኪም ላሉ ተጋላጮች በሳምንት ልዩነት የሚሰጥ የሁለት ጊዜ ቅድመ መከላከያ ክትባት ይመክራል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ክትባቱ የት እንደሚገኝ ማጠያየቅ ለተመራቂው ይበጃል። የተነከሰ ወይም በሚጠረጠር እንስሳ ለሀጭ ቁስሉ የተነካ ሰው ቦታውን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

የተቀባዩም ድርሻ

በጎ ፈቃድ ነፃ ቢሆንም ወጪ የለውም ማለት አይደለም። የትራንስፖርትና የምሳ ብር ከወላጅ ኪስ ይወጣል። ስለዚህ ተመራቂን የሚቀበል ጽሕፈት ቤት ቢያንስ ጓንትና ጋውን ማቅረብ፣ መስክ ሲወጣ መጓጓዣ መስጠት፣ የሚከታተለው ባለሙያ መመደብ፣ በመጨረሻም ምን ያህል ጊዜ ምን እንደሠራ የሚገልጽ ደብዳቤ መጻፍ ይገባዋል። ሐኪሙን ሙሉ ቀን መዝገብ ሲያስገለብጡት መዋል ስልጠና አይሆንም። በነፃ የሚሠራ ወጣት ተገኘ ተብሎ ክፍት የሥራ መደብን ሳይሞሉ ማቆየትም ለክሊኒኩም ለአርሶ አደሩም ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም። ተመራቂውም በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን አገልግሎ በቀሩት ቀናት ሥራ መፈለጉን፣ ማንበቡንና ገቢ ሊያገኝ የሚችልበትን ሌላ ሕጋዊ ሥራ መሞከሩን መቀጠል ይችላል።

ዕረፍትም እንደ ስንፍና መቆጠር የለበትም። ለዓመታት በዶርም ኖሮ የተመለሰ ልጅ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ከቤተሰቡ ጋር ቢከርም፣ በአባቱ ማሳ ላይ ቢያርምና ጎተራ ሲሞላ ቢያግዝ የሚያጣው ነገር የለም። እንዲያውም አርሶ አደር በሬውን ሲሸጥ፣ ሲገዛና ሲያሳክም እንዴት እንደሚያስብ ከዚህ የተሻለ መማሪያ ማግኘት ይቸግራል። ችግሩ ሦስቱ ሳምንት ሦስት ወር፣ ከዚያም ዓመት ሲሆን ነው።

በገበያ ቀን ክሊኒክ ደጅ የቆመው አርሶ አደር ከበሬው ሌላ ጥማዱን የሚሞላበት የለውም። በሬው በእርሻ ወቅት ቢሞት ማሳው በወቅቱ አይታረስም፤ ቤተሰቡ የዓመት ቀለቡን ያጣል። በዚያ ደጅ አንድ ተጨማሪ ሐኪም፣ ደመወዝ ባይቆረጥለትም በኃላፊነት የሚሠራ ሐኪም፣ ቢገኝ ተራው ያጥራል፣ ምርመራው ይሻሻላል። ያ ሐኪም ቅጥር ሲመጣለት ሥራውን እንደ አዲስ አይጀምርም፤ በየገበያው ቀን ሲሠራው የከረመውን ይቀጥላል።